ጋሼ ታምራት የታሰረበት ክረምት

ባለፈው ሐምሌ ለአንድ ጉዳይ ካዛንቺስ ሄጄ ዝናብ ያዘኝና አንድ የግንባታ አጥር ጥግ ቆምኩ። አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ጭቃው ሲያንሸራትተኝ እጄን አስደገፍኩበት። ዝናቡ አባርቶ ፊቴን ልጠርግ መዳፌን ሳነሳ የእርጥብ ብረት ሽታ አፍንጫዬን መታው። ያኔ ነው ቀና ብዬ የት እንደቆምኩ ያየሁት። የድሮ ግቢያችን በር የነበረበት ቦታ ላይ ነኝ። ቤቶቹ ከፈረሱ ቆይተዋል፤ ምልክት የሚሆን ግንብም ዛፍም አልቀረም። ቁልቁለቱ ግን ያው ቁልቁለት ነው፤ በእግሬ አወቅኩት።

የእርጥብ ብረት ሽታ እናቴን ነው የሚያስታውሰኝ። ዘጠኝ ዓመቴ በነበረበት ክረምት እጇ ሁሌ እንደዚያ ይሸት ነበር፤ በሳሙና ብትታጠበውም፣ ሽንኩርት ብትከትፍበትም አይለቅም።

በዚያ ክረምት አጎቴ ታምራት በሰንሰለት ታስሮ ነበር። ያሰረችው እናቴ ናት። የፈታሁት እኔ ነኝ። ነገሩን ለሰው ሳወራ ሁሌም እንዲህ ነው የምጀምረው፣ ሳልሸፋፍን፤ በዚያ ክረምት የተሸፋፈነው ይበቃላ።

ጋሼ ታምራት የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ቄራ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሸሚዙ ኪስ በጠመኔ የነጣ ሰው። ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው፤ እኛ ማለት እናቴ፣ አያቴ አባባ ተሰማና እኔ ነን። አባቴ መንገድ ሥራ ላይ ስለነበር አብዛኛውን ዓመት ክፍለ ሀገር ነው የሚከርመው።

ሚያዝያ ላይ ጋሼ መተኛት አቆመ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ጠዋት ስነሳ የቤት ሥራዬ ተሠርቶ፣ ጫማዬ ተጠርጎ፣ የሳሎናችን ግድግዳ በጠመኔ ቁጥር ተሞልቶ አገኛለሁ። የአዲስ አበባን መኪና ሁሉ ያለ ትራፊክ ፖሊስ የሚያሳልፍ ቀመር አገኘሁ አለን። እናቴ ሳቀች። በሁለተኛው ሳምንት መሳቋን ተወች። ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ኡራኤል መንገድ መሀል ገብቶ ቆመና መኪናዎቹን በእጁ ያቆማቸው፣ ያሳልፋቸው ጀመር። ሚኒባስ ገጨው። እናቴን ከሥራ ቦታዋ ጠርተዋት ስትደርስ አስፋልቱ ላይ ተጋድሞ አገኘችው፣ አንድ እግሩ ባዶ፣ ጫማው የት እንደገባ አይታወቅም። ሞቷል ብላ ነበር። አልሞተም፤ ግንባሩ ተሰፍቶ ቤት ገባ። በሦስተኛው ቀን በባዶ እግሩ ወደዚያው መንገድ ሲሮጥ ደርሰው ያዙት።

ሰንሰለቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባባ ራሳቸው ቄራ ወርደው በሬ የሚታሰርበት ዓይነት ገዝተው መጡ። ሥጋ የገዙ እንዲመስል በጋዜጣ ጠቅልለውታል። ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችው ክፍል ውስጥ ከብረት አልጋው እግር ጋር አሰሩት። እናቴ እንዳይልጠው ብላ ቁርጭምጭሚቱን በካልሲና በጨርቅ ጠቀለለችለት፤ ከዚያ ጓጉንቸሩን ቆለፈች። አባባ በር ላይ ቆመው፣ “ለራሱ ሲባል ነው” አሉ። ለማን እንደተናገሩት አላውቅም። ማንም አልጠየቃቸውም።

ለጎረቤት፣ “ታምራት ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል” ተባለ። ለእኔ ደግሞ፣ “አፍሽን ያዢ” ተባለ።

አባባ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ኮት ሳይለብሱ ቁርስ አይቀርቡም። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም፤ ሲቆጡማ እንዲያውም ይቀንሱታል፣ ለመስማት ጠጋ ማለት አለብህ። ለእሳቸው ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ራሱን የሚገዛና ራሱን የማይገዛ። እኔን በቀን ሦስቴ “አደብ ግዢ” ይሉኛል። ጋሼ ሲነሳ ደግሞ፣ “ራሱን መግዛት አቃተው” ይላሉ።

እኔ መግዛት ሲባል የማውቀው ሱቅ ሄዶ መግዛትን ነው። ትንሽ ሳለሁ አደብ የት ሱቅ እንደሚሸጥ እናቴን ጠይቄያት ሰፈሩ ሁሉ ስቆብኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መጠየቅ ፈርቼ የመሰለኝን ይዤ ቀረሁ። እና የጋሼን ነገር ስሰማ በጭንቅላቴ አወጣሁ አወረድኩና አንድ ነገር ላይ ደረስኩ፤ ጋሼ ራሱን ገና ገዝቶ አልጨረሰም፤ ስለዚህ ዋጋው ተከፍሎ እስኪያልቅ እንደ ዕቃ ተቆልፎበት ይቀመጣል። መምህር ሆኖ በደመወዙ ካልቻለ፣ ዋጋው በጣም ውድ መሆን አለበት ብዬም አሰብኩ።

ትምህርት ተዘጋና ክረምቱ ገባ። እናቴ መሥሪያ ቤት ስለምትውል ምሳውን ማድረስ የእኔ ሥራ ሆነ። ሕጉ ብዙ ነው። ሳህኑም ኩባያውም ፕላስቲክ ይሁን፤ ብርጭቆ የለም፣ ሹካ የለም። በሩ ላይ አስቀምጠሽ ወዲያው ተመለሺ። ወደ ውስጥ እግርሽን እንዳታስገቢ።

የመጀመሪያውን ሳምንት አስቀምጬ እሮጥ ነበር። በሁለተኛው አንድ ቀን፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣ “ሰኒ፣ ዛሬ ምንድን ነው?” አለኝ። ስሜ ሰናይት ነው፤ ሰኒ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው።

“ሽሮ” አልኩት።

“ቀኑን ነው የጠየቅኩሽ።”

“እ... ረቡዕ።”

“ተባረኪ። ቀን ሲጠፋብኝ ነው በጣም የሚከፋኝ።”

ከዚያ በኋላ ምሳውን ከነቀኑ ማምጣት ጀመርኩ። “ጋሼ፣ ሐሙስ በምስር!” እላለሁ ገና ከሩቁ። “ጋሼ፣ ዓርብ በጎመን!” እሱም፣ “ግቢ ዓርብ” ይለኛል። አልገባም፤ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። እሱም አንዳንድ ቀን ይበላል፤ ያልበላ ቀን እኔ እበላለታለሁ፣ እናቴ ባዶ ሳህን ስታይ ደስ እንዲላት።

አንድ ቀን ድፍረት አገኘሁና ጠየቅኩት።

“ጋሼ፣ ስንት ነህ?”

“ሠላሳ አንድ።”

“ዕድሜህን አይደለም። ዋጋህን ነው።”

ዞሮ አየኝ። “የምን ዋጋ?”

“አባባ ራስህን መግዛት አቅቶሃል ይላሉ። ስንት ጎድሎህ ነው?”

ሳቀ። ሰንሰለቱ እስኪንሿሿ ድረስ ሳቀ። ከሚያዝያ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያው የድሮ ሳቁ ነው። ከዚያ እንደ ክፍል ውስጥ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። “አባባ የሚሉት የሱቁን አይደለም። ድሮ ንጉሥ አገር ይገዛ አልነበር? እንደዚያ ማለታቸው ነው። እኔ በራሴ ላይ ንጉሥ እንድሆን።”

“እና ንጉሥ ይታሰራል እንዴ?”

ሳቁን አቆመ። “እሱን አባባን ጠይቂያቸው።”

ጠየቅኳቸው፤ እናቴ ባለችበት፣ ራት ሲቀርብ። አባባ ጉርሻቸውን አላምጠው ጨረሱና በዚያ ዝቅተኛ ድምፃቸው አደብ እንድገዛ ነገሩኝ። ያን ዕለት ግን ቃሉ አላስፈራኝም። አሁን ትርጉሙን አውቀዋለሁ፤ እሳቸው እንደማያውቁት ደግሞ ጠረጠርኩ።

የአባባ ሬዲዮ እስከ ጋሼ ክፍል ድረስ ይሰማል። አንድ እኩለ ቀን ዜና አንባቢው የሆነ ቦታ ስላለ ጦርነት እያወራ፣ “ሁለቱም ወገኖች እንዲታቀቡ ተጠየቀ” አለ። እኔ የሰማሁት “እንዲታቀፉ” ብሎ ነው። ደስ አለኝ። ዘልዬ ተነስቼ፣ “ጋሼ፣ ጦርነቱ አለቀ! ተቃቀፉ ተባሉ!” አልኩት። ሁሌ የሚያርመኝ ሰው ያን ቀን አላረመኝም። “እሱ ይሻላል” አለ።

ከትምህርት ቤት ቦርሳዬ ጠመኔ ሰረቅ አድርጌ ወሰድኩለት። ሰንሰለቱን እስከ መጨረሻው ወጥሮ፣ በሲሚንቶው ወለል ላይ እየተሳበ ትልቅ ክብ ሳለ። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ክቡ ተቆረጠ። “ይቺ አገሬ ናት” አለኝ። ውስጧ አልጋው አለ፣ ባልዲው አለ፣ ጃንጥላ የሚሰቀልበት ምስማር አለ። መስኮቱ የለም። መስኮቱ ከክቡ ግማሽ እርምጃ ውጪ ነው የቀረው። እንግዲህ ያኔ ነው ሕጉን የጣስኩት። ገባሁና መስኮቱ ጋ ቆምኩለት፤ የማየውን እነግረዋለሁ።

“ቀይ ፌስታል የያዘች ሴትዮ። እግሩን የሚያነክስ ውሻ። ሚኒባስ።”

“ሞልቷል?”

“ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሏል።”

“በቃ ሞልቷል” ይላል፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

እንዲህ ሲወራ አጎቴ በስህተት የታሰረ ጤነኛ ሰው ይመስላል። አልነበረም። ታሞ ነበር። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ ማክሰኞ፣ “ጋሼ፣ ማክሰኞ በድንች!” ብዬ ስገባ ሳህኑን ከእጄ ነጥቆ ግድግዳው ላይ ወረወረው። ሬዲዮው ስሙን እየጠራ እንደሚሰድበው ጮኸ። ሰንሰለቱን ሲጎትት አልጋው አብሮ ተጎተተ። የማውቀው ፊት አልነበረም። ወጡ ቀሚሴ ላይ እንደፈሰሰ ሮጬ ወጣሁ። እናቴ ስትመጣ፣ “ወድቄ ነው” አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ በትክክል አላውቅም፤ እውነቱን ብናገር ሁለተኛ ሰንሰለት የሚመጣ መሰለኝ።

በማግስቱ ፈራ ተባ እያልኩ ሄድኩ። አልጋው ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። “ሰኒዬ፣ አስደነገጥኩሽ” አለኝ። መልስ ልሰጠው ስል ሽታው መጣብኝ። የእግሩ ጨርቅ ርሷል፤ ዝንብ ወሮታል። ጨርቁን ገለጥ ሲያደርገው ከሥሩ ያለው ሥጋ ቀይ አልነበረም፤ ቢጫና ግራጫ ነበር። ዓይኔን መለስኩ፤ ከዚያ በራሴ ተናደድኩና እንደገና አየሁት።

በግቢያችን ሲስተር ዘይነባ የምትባል ነርስ ነበረች። ኡራኤል አካባቢ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። ቧንቧው ጋ ጠብቄ፣ “ሲስተር፣ የጓደኛዬ አጎት...” ብዬ ጀመርኩ። ጀሪካኗ እስኪሞላ አዳመጠችኝና፣ “የዚች ጓደኛሽ ስም ሰናይት አይደል?” አለችኝ።

ዓይኔን ጀሪካኑ ላይ ተከልኩ።

“ክፍለ ሀገር ሄደ የተባለው ለዚህ ነው እንዴ? ያ ረቢ! ለእናትሽ ንገሪያት፣ ዛሬ ነገ ሳትል ታምጣው። እግሩ እንዲህ ከሆነ ቀልድ አይደለም። ቅዳሜም ተረኛ ነኝ። ለጭንቅላቱም መድኃኒት አለው በያት።”

መድኃኒት አለው! ይህንን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። 

እናቴ የሥራ ሸሚዟን ስትተኩስ አገኘኋት። “እማዬ፣ የጋሼ እግር ሸቷል።”

“አውቃለሁ” አለች፣ ካውያውን ሳታቆም። “በጨው ውሃ ጠዋት ጠዋት የማጥበው እኔ አይደለሁ?”

“ሲስተር ዘይነባ ጤና ጣቢያ ይምጣ ብላለች።”

ካውያው ቆመ። “ነገርሻት?”

“አዎ።”

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልመታችኝም። ካውያውን አስቀመጠችና ወንበር ላይ ቁጭ አለች። “አባባ ስሙ በዚህ በሽታ መዝገብ ላይ ከሰፈረ አይፋቅም ይላሉ። ዳግመኛ ክፍል አያስገቡትም። ማን ልጁን ይሰጠዋል? መዝገብ እሳቸው ያውቃሉ።”

“አንቺስ?”

“እኔማ...” እጇን አየችው። “እኔ አስፋልት ላይ ተጋድሞ አይቼዋለሁ፣ ሰናይት። አንቺ አላየሽም። ከዚህ ክፍል ከወጣ ይሞትብኛል። በቃ፣ ይኼው ነው።”

ሸሚዙን መተኮስ ቀጠለች። እዚያው ቆሜ ስታየኝ፣ “ሂጂ ተጫወቺ” አለችኝ።

ቁልፉን አንገቷ ላይ ነው የምታስረው፣ በጥቁር ክር። የምታወልቀው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው፤ ቧንቧው ጋ ፀጉሯን ስትታጠብ ከፎጣው ጋር ምስማር ላይ ትሰቅለዋለች። የዚያን ቅዳሜ አባባ ለቀብር ወጥተዋል። እናቴ ጎንበስ ብላ ፀጉሯን በሳሙና ስታሽ፣ ዓይኗን ስትጨፍን ጠበቅኩና አወረድኩት።

ጋሼ ጓጉንቸሩ ላይ ስጎነበስ አየኝ።

“ሰኒ፣ አባባ ፈቀዱ?”

“አልፈቀዱም።”

“አስቴርስ?” አለ፤ እናቴን ማለቱ ነው።

“አልፈቀደችም።”

“ታዲያ ማን ፈቀደ?”

“እኔ።”

ትንሽ አሰበ። ከዚያ እግሩን ወደ እኔ አስጠጋልኝ።

ጓጉንቸሩ ዝጎ አስቸገረኝ፤ ጣቴን ልጦኝ ተከፈተ። ጋሼ ተነሳና ቀጥ ብሎ መስኮቱ ጋ ሄደ። ሁለት እጁን የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አድርጎ ውጭውን ያያል። ያያል። እኔ ከግቢው የቧንቧውን ድምፅ እያዳመጥኩ፣ “ጋሼ በናትህ እንሂድ!” እላለሁ፤ እሱ አይሰማኝም። ሚኒባስ በገጨው ቀን አንዱ ጫማው ስለጠፋ የእናቴን ነጠላ ጫማ አደረገ፤ ተረከዙ ግማሹ ወደ ኋላ ተርፏል። በጀርባው በር ወጣን።

ሰፈራችን ሱቅ ጋ ስንደርስ ባለሱቋ ሴትዮ አንገቷን በመስኮቱ አወጣች። “ውይ! ታምራት! ከክፍለ ሀገር መቼ መጣህ?”

“አሁን መምጣቴ ነው” አላት። ፂሙ ፊቱን ሸፍኖታል፤ የሴት ጫማ አድርጎ እያነከሰ ነው። ሴትዮዋ እኔን አየችኝ። እኔም ዓይኗን አየኋት፣ አገጬን ቀና አድርጌ። አፌን የያዝኩት ይበቃኛል። “ታሞ ነው። ሐኪም ቤት ልወስደው ነው” አልኳት፣ ዳቦ ለመግዛት ሰልፍ የያዘው ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

ቁልቁለቱን ወርደን ኡራኤል መንገድ ጠርዝ ላይ ስንደርስ ቆመ። ሚኒባሶቹ ይጮሃሉ፤ ወያላዎቹ “ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!” ይላሉ። ቀኝ እጁ ቀስ ብሎ መነሳት ጀመረ፣ መዳፉ ወደ መኪናዎቹ ተዘርግቶ። አንድ እግሩ ከእግረኛው መንገድ ወረደ። በሁለት እጄ ሸሚዙን ጨምድጄ ያዝኩት።

“ሰኒ፣ አትያዢኝ” አለ። አልጮኸም። ፊቱ አመድ መስሏል። “በናትሽ፣ አትያዢኝ።”

ለቀቅኩት።

ብዙ ሰው ይህን ስነግረው፣ “እንዴት ትለቂዋለሽ? ቢገባስ?” ይለኛል። ቢገባ ይሞት ነበር፤ እኔም እስከ ዛሬ ገዳዩ እሆን ነበር። አውቃለሁ። ያኔም አውቄው ነበር። ግን ክረምቱን ሙሉ ያቆየነው በመያዝ ነው፤ የትም አላደረሰውም።

የተነሳው እጁ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ አወረደውና ኪሱ ከተተው። ግራውንም ከተተው። ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ጨብጦ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ የመኪናው ሰልፍ እስኪቆም ጠበቀ። ሲቆም ተሻገርን።

ሲስተር ዘይነባ ጨርቁን በሞቀ ውሃ እያራሰች ስታነሳለት በሩ ተበረገደ። እናቴ ናት። ፀጉሯ ላይ አረፋው እንዳለ ነው፤ አንገቷ ላይ ይንጠባጠባል። በባዶ እግሯ ነው የመጣችው፤ ጫማዋን እሱ አድርጎታልና። መጀመሪያ የጋሼን ፊት በሁለት እጇ ዳሰሰችው፣ ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ ትከሻውን፣ የጎደለ እንዳለ እንደምትፈትሽ። ከዚያ ዞራ በጥፊ አጮለችኝ።

“ይቅርታ በይ!”

“አልልም።”

“ሰናይት፣ ይቅርታ በይ!”

“አልልም!” ጉንጬ ይነዳል፤ አላለቀስኩም። “መድኃኒት አለው! መድኃኒት እያለው ነው ያሰርሽው!”

እናቴ አረፋውን ከዓይኗ ጠረገች።

ቀብር ላይ ሳሉ የሰሙት አባባ በኮታቸው እንዳሉ ደረሱ። ሲስተር ካርድ ለማውጣት እስክሪብቶዋን አንስታለች። አባባ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ልጄ፣ ስሙ የግድ መጻፍ አለበት?” አሏት።

“ያለ ካርድ ማከም አልችልም፣ አባባ።”

“እንግዲያው ሌላ ስም ጻፊ።”

ዕድሜያቸውን ሙሉ መዝገብ የጠበቁ ሰው ናቸው። አንድ ፊደል ተሳስቶ ሰው መብቱን እንዴት እንዳጣ ሲያወሩልኝ ነው ያደግኩት። ጋሼ ከአልጋው ቀና አለ።

“ሲስተር፣ ጻፊ” አለ። “ታምራት ተሰማ። አጥርተሽ ጻፊው። ሥራ፣ መምህር።” ይህን ሲል የሚያየው አባቱን ነው።

ሲስተር ጻፈች። አባባ ኮታቸውን ቆልፈው ወጡ።

ከጤና ጣቢያው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ጻፉለት። ሰኞ እናቴ ከሥራ ቀርታ ወሰደችው። መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ ቀኑን ሙሉ ያስተኛው ነበር፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አፉ ይደርቃል፣ ዳቦ አይጠግብም። ብዙ ጊዜ ተመላለሱ፣ መጠኑ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። አልታሰረም ግን። እግሩ ቀስ እያለ ደረቀ። እናቴ ቁልፉን አንገቷ ላይ ለረጅም ጊዜ አላወረደችውም፤ ምን እንደምትቆልፍበት ባይታወቅም።

እኔ ተቀጣሁ። አባባን ይቅርታ ካልጠየቅኩ ማዕድ እንዳልቀርብ ተወሰነ። አልጠየቅኩም። ደፉ ላይ ብቻዬን እበላ ጀመር። በአራተኛው ቀን ጋሼ ሳህኑን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ “ሰኒ፣ ማክሰኞ በሽሮ” አለኝ። አባባ ከውስጥ አዩን። እኔን ማናገር ካቆሙ ሰንብተዋል።

እንቁጣጣሽ ሲደርስ እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሥዕል አዘጋጀሁ። ለእናቴ፣ ለጋሼ፣ ለሲስተር ዘይነባ፣ ለባለሱቋ ሳይቀር አደይ አበባና ፀሐይ ሥዬ ሰጠሁ። ለአባባ አልሰጠሁም። አዲስ ብር አዘጋጅተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ወንበራቸው ላይ እስከ ምሳ ጠበቁኝ። ባጠገባቸው አለፍኩ። ለሥዕሉ አሁን አዝናለሁ። ለቁልፉ አላዝንም።

ትምህርት ሊከፈት ሰሞን አንድ ጠዋት ጋሼ ተላጭቶ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ እናቴ የገዛችለትን አዲስ ጫማ አድርጎ ወጣ። ትምህርት ቤቱ ሄዶ ሥራውን ሊጠይቅ ነው። ብቻውን። “ማንም እንዳይከተለኝ” ብሎናል።

እናቴ ግቢው በር ላይ ቆመች። እኔ ትንሽ ጠበቅኩና በጎኗ ሾልኬ ልወጣ ስል የቀሚሴን አንገትጌ ያዘችኝ።

“የት ነው?”

“ልከተለው ነዋ። መንገድ አለ።”

“ተይው።”

“አንቺ ነሽ ተይው የምትዪኝ?”

“አዎ፣ እኔ ነኝ።” በአንድ እጇ የበሩን ብረት ጨብጣለች፤ ጣቶቿ ነጥተዋል። አንድ እግሯ ውጭ ነው፣ አንዱ ውስጥ። ጋሼ ከመንገዱ ጫፍ ያለው ሥጋ ቤት ጥግ ላይ ሲታጠፍ አልጠራችውም።

ብዙ ቆይታ፣ ሳታየኝ፣ “ይቅርታ በይ ብዬሽ ነበር” አለች።

“አልልም።”

“አትበይ። እኔም አልልሽም።” አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። “እንደገና አስፋልት ላይ ባገኘው እንደገና አስረዋለሁ።”

“እኔም እፈታዋለሁ” አልኳት።

“እሱንስ አውቃለሁ” አለችና አንገትጌዬን ለቀቀችኝ።

ሽንኩርቱ ሳይከተፍ፣ ቤቱ ሳይጠረግ ረፈደ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷ አልተቀመጠችም። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሥጋ ቤቱ ጥግ ላይ ረጅም ሰው ብቅ አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ያገኘውን ሁሉ ሰላም እያለ።

እናቴ አየችውና ወደ ቤት ሮጣ ገባች፣ ስትጠብቀው እንደዋለች እንዳያይ።